የለመደ እግር እንደ ገና ሲማር

ሙዚቃ በሚጫወት ጓድ ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በድምፃዊው ላይ ነው፤ ቀጥሎም በጊታር መቺው ጣቶችና በሳክስፎን ነፊው ጉንጭ ላይ። ወደ ድራም መቺው የዞረ እንደ ሆነም የሚያየው በአየር ላይ የሚወዛወዙትን ሁለት ስቲኮች ነው። ከትልቁ ከበሮ ኋላ ተደብቆ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራውን ቀኝ እግር የሚያስታውሰው የለም። ይሁን እንጂ የተመልካቹን ደረት የሚመታው፥ ሳያስበውም ከወንበሩ አስነሥቶ እስክስታ የሚያስወርደው ይኸው እግር ነው። እኛም በዛሬው እሑድ ስለዚህ ስለ ተረሳው እግር፥ ይልቁንም ብዙ ዓመት ከመታ በኋላ እንደ ገና ፊደል እንዲቈጥር ስለ ተገደደ አንድ እግር ለመጻፍ ወደድን።

በአገራችን ከበሮ ከጥንት ጀምሮ የእጅ ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በጠፍር ከአንገት ተንጠልጥሎ ሁለቱ ፊቶቹ በሁለት እጅ ይመታሉ፤ ሰፊው ፊት ወፍራሙን፥ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል፤ የመቺው እግር ከዜማው ጋር ቢንቀሳቀስም ከበሮውን አይነካም። በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን የሰልፍ ሙዚቃ በሚጫወቱ ጓዶች ዘንድ ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው፥ ትንሹን ሌላ ሰው፥ ሲምባሉን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይይዝ ነበር። ነገር ግን ሙዚቃው ከአደባባይ ወደ ቲያትር ቤትና ወደ ዳንስ አዳራሽ በገባ ጊዜ ቦታውም ጠበበ፥ የባለቤቶቹም ኪስ ጠበበ፤ የሦስቱን ሰዎች ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት ግድ ሆነ። ይህ ምስኪን ሰው ትልቁን ከበሮ በጎኑ አቁሞ፥ ትንሹን በፊቱ አድርጎ፥ በአንድ ጥንድ ስቲክ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይመታ ጀመር። እጅ አልበቃ ሲል ተራው የእግር ሆነ።

በእግር የሚረገጡ መምቻዎች ከዚያ አስቀድሞም ነበሩ፤ ዳሩ ግን ከባድና ዘገምተኛ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በቺካጎ ከተማ ከበሮ ይመታ የነበረው፥ ትውልዱ ጀርመን የሆነ ዊልያም ሉድዊግ፥ ራግታይም የተባለው ፈጣን ጨዋታ በመጣ ጊዜ እግሩ ቢችልም መርገጫው አልከተል ስላለው ራሱ አዲስ ፔዳል አሰበ፤ በመጀመሪያ ከእንጨት ሠርቶ ሞከረው፥ ኋላም አማቹ መሐንዲሱ ሮበርት ዳንሊ በብረት እንዲሠራ ረዳው። በ1909 ከወንድሙ ከቲዮባልድ ጋር ያቋቋመው ዝነኛ የከበሮ ድርጅት መነሻው ይኸው ፔዳል ነው።

አሠራሩን ማንም ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ይህ ብረት በጠፍር ወይም በሰንሰለት ከአንድ ተሽከርካሪ ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ በዘንጉ ላይ ደግሞ ጫፉ ብዙውን ጊዜ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ መዶሻ ቆሟል። እግር ሲጫን ሰንሰለቱ ይጎተታል፥ ዘንጉ ይዞራል፥ መዶሻውም ወደ ፊት ሄዶ ቆዳውን ይመታል፤ እግር ሲለቅ በጎን የተወጠረው ሞላ መዶሻውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እንግዲህ አንባቢያችን ይህን አንድ ነገር ልብ ይበልልን፤ መርገጥ የእግር ሥራ ሲሆን መመለስ ግን በአብዛኛው የሞላውና የቆዳው ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ጣጣ ሁሉ እግር ይህን አውቆ ለመልቀቅ ባለመቻሉ የሚመጣ ነው።

በ1930ዎቹ ዓመታት በነበረው የዳንስ ሙዚቃ የእግር ተግባር በየመለኪያው አራት ጊዜ መርገጥ ነበር፤ አንዳንዱ በኃይል ይረግጠዋል፥ አዋቂዎቹ ግን የባለ ቤዙን ድምፅ እንዳይሸፍኑ በላባ እንደ መዳሰስ አድርገው ይነኩት ነበር። ከዚያም ኬኒ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ መጣ። ጨዋታው እጅግ ሲፈጥንበት እግሩ አራቱን ምት አልችል ስላለው፥ ጊዜ የመጠበቁን ሥራ በቀኝ እጁ ወደሚመታው ሲምባል አዛውሮ እግሩን ለድንገተኛ ምት ብቻ አስቀረው ይባላል። ይህ አመታት በ1940ዎቹ ጃዝን ከለወጡት ነገሮች አንዱ ነው፤ እንግዲህ ነገሩ እንደሚባለው ከሆነ ያ ሁሉ ለውጥ ከደከመ እግር ተወለደ ማለት ነው። ሉዊ ቤልሰን ደግሞ በተቃራኒው አንድ እግር አልበቃ ስላለው ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ በትምህርት ቤት ሥዕል ክፍል ሁለት ትልልቅ ከበሮዎች ያሉት ድራም ነደፈ፤ በ1951 ከዱክ ኤሊንግተን ጓድ ጋር ሲቀላቀልም ሁለት እግር በሁለት ከበሮ ላይ ሲሠራ ዓለም አየ። ጆን ቦናም በ1969 በወጣው በሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያ ሸክላ ላይ በአንድ ፔዳል ብቻ የመታውን የሰሙ ብዙ ሰዎች ሁለት ከበሮ ያለው መስሏቸው ነበር። በ1983 ድራም ወርክሾፕ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ሁለት መዶሻ ያለው ፔዳል ለገበያ ካወጣ ወዲህ ደግሞ፥ በአንድ ከበሮ ላይ ሁለቱንም እግር ማሠራት የማንኛውም ወጣት ፈንታ ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ትተን ወደ እግሩ ወደ ራሱ እንውረድ። ድራም መቺዎች እግራቸውን የሚያኖሩበት መንገድ በመሠረቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ተረከዝን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ ከቍርጭምጭሚት ብቻ መምታት ነው። በዚህ አመታት እግር ከረገጠ በኋላ የሚነሣው በቅልጥም ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ወደ ላይ ሲስበው ነው። ድምፁ ለስላሳና የተገራ ይሆናል፤ ሰውነት በበርጩማው ላይ ሳይናወጥ ይቀመጣል፤ በትንሽ ክፍልና በዝግታ ጨዋታ ይህን የሚተካከል የለም። ሆኖም ያ የቅልጥም ጡንቻ ትንሽ ነው፤ ጨዋታው ሲፈጥንና ሲረዝም ይግላል፥ ይቃጠላል፥ በመጨረሻም እንደ እንጨት ይደርቃል። ሳይለምድ ረጅም መንገድ በፍጥነት የተራመደ ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ተረከዝን አንሥቶ በፊተኛው እግር መምታት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ቍርጭምጭሚት ብቻ ሳይሆን ጭንና ዳሌም ጭምር ነው፤ የመላው እግር ክብደት ስለሚወድቅበት ድምፁ ይጎላል፥ ትልልቆቹ ጡንቻዎችም ቶሎ አይደክሙም። ነገር ግን ዕዳ አለበት። ተረከዝ በመሬት ላይ ሳለ ሰውየው እንደ ባለ አራት እግር ወንበር ተደላድሎ ነበር፤ ሁለቱም ተረከዞች በተነሡ ጊዜ ግን ሰውነቱን የሚሸከመው መቀመጫውና ወገቡ ብቻ ነው። የበርጩማው ቁመት፥ የጀርባው አቀማመጥ፥ እጁ ሲምባሉን ለመምታት የሚዘረጋበት ርቀት ሁሉ ይለወጣል። እግር የሚማር ሰው እግሩን ብቻ የሚማር ይመስለዋል፤ የሚማረው ግን አቀማመጥ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ደግሞ ሌሎች ብልሃቶች ተወልደዋል። የሁሉም ዓላማ በአንድ የእግር እንቅስቃሴ ሁለት ምት ማውጣት ነው። አንደኛው ማንሸራተት ነው፤ እግር በፔዳሉ መካከል ላይ ወርዶ አንድ ይመታል፥ ወዲያው ጥቂት ወደ ፊት ተንሸራትቶ ሁለተኛውን ይመታል። ሌላው የተረከዝና የጣት አመታት ነው፤ እግር ሲወድቅ አንድ፥ ተረከዝ ተነሥቶ ጣት ሲጫን ሁለት። ተረከዝን እንደ ማጠፊያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዙ የሚመቱም አሉ። መዶሻውን ከመታ በኋላ በቆዳው ላይ ተጭኖ ማስቀረትና ወዲያው እንዲመለስ መልቀቅም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ የተጫነው ድምፁን ያፍነዋል፥ የተለቀቀው ከበሮውን ያስተነፍሰዋል። ስዊሳዊው ጆጆ ማየር ስለ እጅ አመታት በ2007 የማስተማሪያ ፊልም ካወጣ በኋላ፥ በ2014 ሁለተኛውን ክፍል ለእግር ብቻ መስጠቱ ነገሩ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። እኛ የምናውቃቸው አንድ ድራም መቺ አሉ፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሲሆን 26 ዓመት በሆቴል፥ በምሽት ክበብና በሠርግ አዳራሽ መትተዋል። ያስተማሯቸው አንድ የቀድሞ የሆቴል ባንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው የተረከዝ መነሣትን እንደ ብልግና ይቈጥሩት ስለ ነበር፥ የተማሪያቸው ተረከዝ ብድግ ባለ ቍጥር በስቲክ ጉልበታቸውን መታ ያደርጓቸው ነበር። ጋሼም እንደ ታዘዙት 26 ዓመት ሙሉ ተረከዛቸውን ሳያነሡ ኖሩ። ትዝታ ሲመቱ የሰማ ሰው ያ ትምህርት ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ችግሩ ሠርግ ነው። የአገራችን የሠርግ ጨዋታ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዘፈን ከዘፈን ሳይቋረጥ እየተያያዘ፥ አንዱ ብሔረሰብ ለሌላው እያቀበለ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዘልቃል፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው ችክችካ ነው። ችክችካ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚቈጠር፥ በ6/8 የሚጻፍ ምት ነው። ጋሼ እንደሚመቱት እግር የእያንዳንዱን ሦስት መጀመሪያ ይረግጣል፤ ጨዋታው ሲሞቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀደም አድርጎ አንዲት አጭር ምት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ እንደ ፈረስ ግልቢያ አጭር፥ ረጅም፥ አጭር፥ ረጅም ይሆናል። ይህች አጭር ምት ናት ጋሼን የፈጀቻቸው። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ቅልጥማቸው እሳት ይሆናል፤ አጭሯን ምት ይተዋሉ፥ ቀጥሎም ይዘገያሉ፤ ባለ ቤዝ ጊታሩ ዞር ብሎ ያያቸዋል። በ2017 ዓ.ም. የጥር ሠርጎች ላይ ነገሩ ስለ ተደጋገመ የባንዱ አለቃ የመጨረሻውን ሰዓት ለሌላ መቺ ሊሰጥ ማሰቡን በጨዋነት ነገራቸው። ያ ሌላ መቺ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጋሼን ሲምባል ተሸክሞ ይከተላቸው የነበረ የ24 ዓመት ወጣት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኰርፍ ነበር። ጋሼ ግን ወጣቱን ቡና ጋብዘው እንዲያስተምራቸው ለመኑት። «አየህ ልጄ» አሉን ይህን ሲያጫውቱን፥ «ወንበሩን የሚወስድብኝ ሰው እግሩን እንዴት እንደሚያነሣ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» ወጣቱ እጅግ አፈረ፤ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ኋላ በመከራ እሺ አለ።

ለዚህ ትምህርት ጊዜ ማግኘት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጀማሪ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም፤ ምንም አልነበረውምና ምንም አያጣም። የ26 ዓመት መቺ ግን ዛሬ ማታ ሥራ አለበት፤ አዲሱን አመታት በሥራ ላይ ልሞክር ቢል እግሩ ሲሰናከል ባንዱ በሙሉ ይሰናከላል። ስለዚህ ጋሼ ዐቢይ ጾምን መረጡ። በጾሙ የሠርግ ድግስ የለም፥ የምሽት ቤቶችም ብዙዎቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ለሙዚቀኛ ችጋር የሆነው ወራት ለተማሪ ሲሳይ ነው። ከየካቲት 17 ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ 55 ቀን አገኙ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ከበሮ አለፈ። ወጣቱ በርጩማቸውን ከፍ አደረገው፤ ጭናቸው ከዳሌ ወደ ጉልበት ጥቂት እንዲያዘቀዝቅ ነው። ከዚያም ባዶ ወለል ላይ፥ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርገው፥ ተረከዛቸውን አንሥተው እግራቸውን መጣል ብቻ ተለማመዱ። «መርገጥ» የሚለውን ቃል ወጣቱ ከለከላቸው። «ጋሼ፥ አይርገጡት፤ ይጣሉትና ይተዉት» ይላቸዋል። ይህች «ይተዉት» የምትለው ቃል ሁለት ሳምንት ፈጀች። ለ26 ዓመት ሲቈጣጠር የኖረ እግር በአንድ ጊዜ ልቀቅ ቢሉት ያምጻል፤ ጭኑን ያጠነክራል፥ ጣቱን በጫማው ውስጥ ያጨመድዳል፥ ትንፋሹንም ያግዳል። ጋሼ ተረከዛቸው በተነሣ ቍጥር የሟቹ መምህራቸው ስቲክ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፍ እየመሰላቸው ይሳቀቁ እንደ ነበር ነግረውናል።

የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ከበሮውን ባያመጡትም ፔዳሉ በጎማ ላይ ሲመታ ድምፁ በወለሉ ውስጥ ወርዶ የሦስተኛውን ፎቅ እመቤት ጣሪያ ይመታል። እመቤቲቱ በአራተኛው ቀን ወጥተው «ጋሼ፥ በጾም በርበሬ የሚያስወቅጡት ለፋሲካው ነው?» ብለው ጠየቁ። ከፔዳሉ በታች የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተነጥፎ ነገሩ በስምምነት አለቀ። የድራም ትምህርት በከተማችን የሚጠፋው በገንዘብ እጦት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በግድግዳ መሳሳትም ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እውነተኛው ችግር መጣ። እግር ሲለወጥ ያልተለወጡት እጆች ተበላሹ። ቀኝ እጃቸው ሃይ ሃቱ ላይ ያለ ምክንያት መፍጠን ጀመረ፤ ግራ እጃቸው ስኔሩን ከእግሩ ጋር አብሮ መምታት ሲገባው ይቀድማል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ዓመት የተደጋገመ ሥራ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ በአንድነት ይቀመጣል፤ አንዱን ድንጋይ ሲስቡት ካቡ ይናጋል። ደግሞም በልማድ ብቻ የሚሠራን ነገር አተኵረው ሲመለከቱት ይሰናከላል፤ ደረጃ ሲወርድ እግሩን ማሰብ የጀመረ ሰው ምን እንደሚያገኘው እናውቃለን። ጋሼ አንድ ቀን አሮጌውን አመታት ልሞክር ብለው ተረከዛቸውን ቢያወርዱ እሱም እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። «አሮጌው ሄደ፥ አዲሱ አልመጣ፤ በመካከል ቀረሁ» አሉ። በዚያ ሰሞን ያየናቸው ጊዜ ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከዚህ ያወጣቸው ወጣቱ ያጫወታቸው የአንድ ካናዳዊ ታሪክ ነው። ኒል ፒርት የራሽ ባንድ ድራም መቺ ነበር፤ ከ1974 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ታላላቅ አዳራሾችን ሲሞላ የኖረ፥ ሌሎች መቺዎች እንደ መምህር የሚያዩት ሰው ነው። በ1994 ለሟቹ ለበዲ ሪች መታሰቢያ የሚሆን ቅጂ ሲያዘጋጅ ስቲቭ ስሚዝ የተባለው ባልደረባው እጅግ አምሮበት ሲመታ ሰማው፤ ምስጢሩን ሲጠይቀው ፍሬዲ ግሩበር ከሚባሉ ሽማግሌ መምህር ዘንድ ተምሬ ነው አለው። ፒርት ዐርባውን ዓመት ያለፈ፥ ዝናውም የተደላደለ ነበር፤ ሄዶ ተማሪ ሆነ። የስቲክ አያያዙን ሳይቀር ለወጠ፥ እንደ ጀማሪ በየቀኑ ተለማመደ። ግሩበር አጥብቀው የሚያስተምሩት ዋናው ነገር ምቱ ራሱ አልነበረም፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል እጅና እግር በአየር ላይ የሚሄዱበት መንገድ ነበር። ከዚህ በኋላ ራሽ አዲሱን ሸክላውን በ1996 አወጣ፤ ፒርትም በዚያው ዓመት ትምህርቱን የሚያስረዳ ፊልም አሳተመ። ይኸው ሰው በ2007፥ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፥ እንደ ገና ከፒተር ኧርስኪን ዘንድ ጃዝ ለመማር ሄዷል። በ2020 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ስሙ ከታላላቆቹ ተርታ አልወረደም።

ጋሼን የነካቸው የሰውየው ዝና አልነበረም፤ «በምቱ መካከል» የሚለው ነገር ነው። እሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዳመጡት መዶሻው ቆዳውን ሲነካ ነበር፤ ከነካ በኋላ እግር ወዴት እንደሚሄድ አላዩም። በማግሥቱ የፔዳሉን ሞላ አላልተው፥ ሜትሮኖሙን እንደ ገና ወደ 60 መልሰው፥ አንድ ምት እየመቱ የመዶሻውን መመለስ ብቻ ይመለከቱ ጀመር። መዶሻው ሲመለስ እግርን ራሱ ገፍቶ ያነሣዋል፤ ማንሣት የእግር ድካም መሆኑ ይቀራል። ቅልጥማቸው 26 ዓመት ሲያነሣ የኖረውን ሸክም ሞላው ሊያነሣው ኖሯል! ይህን ሲነግሩን ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሙሉ ደስታ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ማንሸራተቱ ከተጠበቀው በላይ ፈጠነ። አጭሯ ምት እግር በፔዳሉ መካከል ሲወድቅ፥ ረጅሟ ደግሞ ወደ ፊት ሲንሸራተት ትወጣለች፤ ሁለቱ ምቶች የአንድ እርምጃ መነሻና መድረሻ ሆኑ። በቀን ሁለት ጊዜ፥ በያንዳንዱ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፉ ተለማመዱ፤ ወጣቱ ከዚህ በላይ አልፈቀደላቸውም፤ የደከመ እግር የሚማረው ስሕተትን ነው ይላል። ማታ እንቢ ያለ ነገር ሌሊት ተኝተው ጧት ሲነሡ ተስተካክሎ ያገኙት ብዙ ጊዜ ነው። የጫማ ነገርም ነበረ፤ ለዘመናት ይለብሱት የነበረው የጎማ ሶል ፔዳሉን እየያዘ ስላላንሸራተተ በአሮጌ የቆዳ ጫማ ለወጡት።

እዚህ ላይ የራሳችንን አሳብ ጥቂት እንጨምር። ዛሬ በስልክ ላይ የሚታዩ የድራም ትርኢቶች ብዙዎቹ የፍጥነት ውድድር ሆነዋል፤ ወጣቶቻችንም ሁለት መዶሻ ያለው ፔዳል ሳይገዙ ከበሮ መማር የማይቻል ይመስላቸዋል። እኛ ይህን አንወደውም። በአንድ እግር አንድ ችክችካ አስተካክሎ ያልመታ ልጅ በሁለት እግር የሚያመጣው ጫጫታን ብቻ ነው። ጋሼ አዲስ ነገር የተማሩት ስለ ፈጠነ አይደለም፤ የሚወዱትን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሊያደርሳቸው ስለሚችል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «የድሮው አመታት ይበቃናል» የሚሉትን አንጋፋዎች አንደግፍም፤ ቅልጥማቸው ሲቃጠል ዘፈኑን ያዘገዩት የድሮውን አመታት ስላከበሩ አይደለምና።

ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ። የመጀመሪያው ሠርግ ከሳምንት በኋላ፥ ሚያዝያ 19 እሑድ ነበር። እኛም ተጠርተን ስለ ነበር ከባንዱ አጠገብ ተቀመጥን። ጋሼ ምሽቱን የጀመሩት ተረከዛቸውን አሳርፈው፥ እንደ ሽማግሌው ትምህርት ነው፤ የእራቱን ሙዚቃ፥ ትዝታውንና አንቺ ሆዬውን በዚያ መቱ። አሮጌው አመታት ተመልሶላቸዋል፤ እንዲያውም ድምፁ ከቀድሞው የለቀቀና የጠራ መሰለን። ሙሽሮቹ ለመጨረሻው ጨዋታ ሲነሡ በርጩማውን በእጃቸው ዞር አድርገው ከፍ አደረጉት፥ ተረከዛቸውንም አነሡ። ወጣቱ ከጎን ቆሞ ነበር፤ አለቃው ቢፈልገው ስቲኩን ይዟል።

አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ መቱ። አጭሯ ምት ሁለት ጊዜ ጠፋች፤ አንደኛው ከትግርኛው ወደ ኦሮምኛው ሲሻገሩ፥ ሁለተኛው ሙሽራው ድንገት ወደ ባንዱ መጥቶ ሲጨፍር ነው። ባለ ቤዙ በመጀመሪያው ጊዜ ዞር አለ፥ በሁለተኛው አልዞረም። ቅልጥም አልተቃጠለም። ወገብ ግን ታመመ፤ ጋሼ ሲነሡ ወጣቱ ክንዳቸውን ይዞ ደገፋቸው፥ አለቃውም ወጣቱን በሚቀጥለው እሑድ ለሌላ ሠርግ እንደሚፈልገው ነግሮት ሄደ። ሲምባሎቹን ሲፈቱ ስለ ግራ እግር ይነጋገሩ ነበር። የሃይ ሃቱ ተረከዝ እስካሁን መሬት ላይ ነው፤ ቀኙ ሲነሣ ግራው ስለሚቀመጥ ወገብ የሚያምመው በዚያ ነው ይላል ወጣቱ። ጋሼ ይህን እስከ ሚቀጥለው ጾም አላነካውም አሉ፤ ግንቦት ሙሉ በሠርግ ተይዟል።